«መስማቱ ተጠብቋል» ሲባል ምን ማለት ነው? የመስማት ነርቭ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ውጤት አለካክ

አኮስቲክ ኒውሮማ በሚል ስም የሚታወቀው የመስማት ነርቭ ዕጢ ካንሰር አይደለም። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም፤ በአብዛኛውም የሚያድገው በዝግታ ነው። ክፋቱ የሚበቅልበት ቦታ ነው። ከውስጠኛው ጆሮ ተነሥቶ ወደ አንጎል ግንድ የሚዘልቀው ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ክፍሉ ድምፅን፣ ሌላው ክፍሉ የሰውነትን ሚዛን የሚመለከት መልእክት ያደርሳል። ዕጢው የሚነሣው የሚዛኑን ነርቭ ከሚሸፍኑት የሽዋን ሕዋሳት ስለሆነ ባለሙያዎች ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ብለው ይጠሩታል። በዚያው ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ የመስማት ነርቭና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጎን ለጎን ያልፋሉ። በመሆኑም ዕጢውን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ዕጢው ወጥቶ ጆሮው እንደሚሰማ፣ ፊቱም እንደሚንቀሳቀስ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዕጢው የተገኘበት ሰውና ቤተሰቡ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ከሚሰሟቸው ቃላት መካከል «መስማትን የመጠበቅ ዕድል» የሚለው አንዱ ነው። ከዚህ ቃል ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ይከተላል፤ ከመቶ ሠላሳ፣ ከመቶ ሃምሳ፣ ከመቶ ሰባ። ውሳኔው ከባድ ስለሆነ ቁጥሩ ሕመምተኛውን ያሳስበዋል። ነገር ግን ይኸው ቁጥር በምን ተለካ፣ ከእነማን መካከል ተቆጠረ፣ በየትኛውስ ጊዜ ተመዘገበ የሚሉት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ሁለት ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ውጤት አስመዝግበው እጅግ የተራራቁ ቁጥሮች ሊናገሩ ይችላሉ።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰዎች መካከል የሚገኘው በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። የመስማት ችግር ያለበት ሁሉ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም፤ የጆሮ ኩክ፣ መግል የሚያመጣ የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ከፍተኛ ድምፅና ዕድሜ ከዚህ እጅግ የበዙ ምክንያቶች ናቸው። የዕጢው ጠባይ ግን የራሱ ነው። ጆሮው ሳያመው፣ መግልም ሳይወጣው በአንድ ወገን ብቻ ቀስ በቀስ መስማት ይደክማል። ሰውየው ስልኩን ሳያስተውል ወደ ሌላው ጆሮ ማዞር ይጀምራል። በዚያው ወገን የማያቋርጥ ጩኸት ይሰማዋል፤ ሲራመድም ሚዛኑ ይናጋል። ሁለተኛው ጆሮ ደኅና ስለሆነ ሥራም አይታጎልም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ምልክቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ለዓመታት ይቆያል። በአንድ ወገን ብቻ የመጣ ምክንያቱ ያልታወቀ የመስማት ድክመት ግን በአንገት በላይ ሐኪም መታየት ያለበት ምልክት ነው፤ ዕጢውን በርግጠኝነት የሚያሳየውም ኤም አር አይ ነው።

ከሕይወት ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ጆሮ

መስማትን መጠበቅ የሚለው ጥያቄ በዚህ ሕክምና ታሪክ ዘግይቶ የመጣ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዋናው ጥያቄ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚል ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ሐርቪ ኩሺንግ በ1917 ስለዚሁ ዕጢ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ከማውጣት ይልቅ ውስጡን ቦርቡሮ ማቅለልን መርጦ የሟቾችን ቁጥር ቀንሶ ነበር። በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ዊልያም ሐውስ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕንና የአጥንት መሰርሰሪያን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሞት እየቀነሰ ሄደ፤ ትኩረቱም ወደ ፊት ነርቭ ዞረ። በ1985 ሐውስ ብራክማን የሚባለው ባለ ስድስት ደረጃ የፊት እንቅስቃሴ መለኪያ ታተመ። ጆሮን ስለማዳን በስፋት መነጋገርና መለካት የተቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ በመጀመሪያ ሕይወትና የአንጎል ግንድ፣ ቀጥሎ ፊት፣ ከዚያም ጆሮ።

ወደ ዕጢው የሚወስዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ በኩል የሚገባው መንገድ ራሱ የመስማት አካሉን ስለሚያፈርሰው ጆሮን አያተርፍም፤ የሚመረጠው መስማት አስቀድሞ በጠፋበት ወይም ዕጢው በገዘፈበት ጊዜ ነው። ከጆሮ ጀርባ በኩል የሚገባው መንገድና ከጆሮ በላይ አጥንቱን ከፍቶ የሚገባው መንገድ ግን መስማትን ለማዳን ይሞከርባቸዋል። ስለዚህ «መስማት ተጠበቀ ወይ?» ከማለት በፊት «ለመጠበቅ ተሞክሮ ነበር ወይ?» ማለት ይገባል።

ነርቩ ሳይቆረጥ ቀርቶ ጆሮው ሊደነቁር መቻሉ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። ለውስጠኛው ጆሮ ደም የምታደርሰው እንደ ክር የቀጠነች አንዲት የደም ሥር ናት፤ ምትክ የላትም። እርሷ ከተዘጋች ነርቩ በዓይን ሲያዩት ደኅና ሆኖ ጆሮው ዝም ይላል። ለዚህም ነው «ነርቩን አትርፈነዋል» የሚለው የቀዶ ሐኪሙ ቃልና «ጆሮው ይሰማል» የሚለው የመለኪያ ውጤት አንድ ያልሆኑት። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት በጆሮው ውስጥ ተደጋጋሚ የጠቅታ ድምፅ እየተሰማ የአንጎል ግንድ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ በመሣሪያ ይከታተላል፤ ምላሹ መዘግየት ወይም መድከም ሲጀምር ሐኪሙ እጁን ገታ ያደርጋል። ክትትሉ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ሁለቱ መለኪያዎች

የመስማት ምርመራ የሚደረገው ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ንጹሕ ቃና ያላቸው ድምፆች ከወፍራም እስከ ቀጭን በተራ ይሰማሉ፤ ተመርማሪው እንደሰማ ምልክት ይሰጣል። የሚመዘገበው ሊሰማው የቻለው ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን መለኪያውም ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። ለዚህ ዕጢ በ1995 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ መሠረት በ500፣ በ1000፣ በ2000ና በ3000 ኸርዝ የተገኙት ውጤቶች ተደምረው አማካያቸው ይወሰዳል። ለማነጻጸር ያህል ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል፣ የተለመደ ንግግርም ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በታመመው ጆሮ የተሰማ ከፍተኛ ድምፅ በራስ ቅል አጥንት ተሻግሮ ደኅናው ጆሮ ዘንድ ይደርሳል። ተመርማሪው በደኅናው ጆሮ ሰምቶ በታመመው የሰማ መስሎት ምልክት ይሰጣል። ይህንን ለመከላከል ደኅናው ጆሮ በሹሹታ ድምፅ እንዲጠመድ ይደረጋል። ይህ ሳይደረግ የተመዘገበ «የቀረ መስማት» የሌላው ጆሮ መስማት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ቃልን የመለየት ፈተና ነው። ድምፁ በሚመች መጠን ከፍ ተደርጎ የቃላት ዝርዝር ይነበባል፤ ተመርማሪው ቃሉን ደግሞ ይናገራል፤ በትክክል የደገማቸው በመቶኛ ይሰላሉ። የመስማት ነርቭ ዕጢ ክፉኛ የሚጎዳው ይህን ነው። ሕመምተኞች «ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይገባኝም» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። «ጨው» ሲባል «ሰው»፣ «ጠራ» ሲባል «ተራ» ሆኖ ይሰማል። ድምፅን ማጉላት ይህን አያቃናውም፤ ምክንያቱም ችግሩ የድምፁ ማነስ ሳይሆን ነርቩ መልእክቱን አዛብቶ ማድረሱ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ መለኪያዎች ለኑሮ የሚቀርበው ይህ ነው። ቃልን የሚለይ ጆሮ ድምፅ ቢደክመው በማዳመጫ መሣሪያ ሊታገዝ ይችላል፤ ቃል የማይለይ ጆሮ ግን በመሣሪያም ብዙ አይረዳም።

የቃላቱ ፈተና በቋንቋ ላይ የቆመ መሆኑ አይዘነጋ። በአሜሪካ የሚኖር ሰው በእንግሊዝኛ፣ በእስራኤል የሚኖር በዕብራይስጥ የቃላት ዝርዝር ሲፈተን፣ የማያውቀውን ቃል መድገም ቢያቅተው ጥፋቱ የጆሮው ይሁን የቋንቋው ከውጤቱ አይለይም። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ታካሚ ይህንን ለባለሙያው አስቀድሞ ቢናገር ይጠቅመዋል። ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለው ፈተና በአንድ ቋንቋ፣ እኩል ክብደት ባላቸው ቃላት፣ ቢቻልም በተቀረጸ ድምፅ መደረግ ይኖርበታል።

ደረጃዎቹና ድንበራቸው

ሁለቱ ውጤቶች ተጣምረው ደረጃ ይሰጣቸዋል። በ1988 የታተመው የጋርድነርና የሮበርትሰን ሠንጠረዥ አምስት ደረጃዎች አሉት። በ1995 የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ ኮሚቴ ያወጣው መመሪያ ደግሞ አራት ደረጃዎች አሉት፤ በሰፊው የሚሠራበትም ይህ ነው። አማካይ የመስማት ደረጃው ከ30 ዴሲቤል ያልበለጠና ከመቶ ቃላት 70ና ከዚያ በላይ የሚለይ ጆሮ «ኤ» ይባላል። ከ30 አልፎ እስከ 50 ዴሲቤል የሆነና 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚለየው «ቢ» ነው። ከ50 ዴሲቤል ያለፈ ሆኖ ግማሹንና ከዚያ በላይ ቃላት የሚለየው «ሲ» ሲሆን፣ ከግማሽ በታች የሚለይ ጆሮ የዴሲቤሉ ቁጥር ምንም ቢሆን «ዲ» ነው። «ኤ»ና «ቢ» በአንድነት «አገልግሎት የሚሰጥ መስማት» ይባላሉ። በባለሙያዎች ዘንድ ይህ ወሰን የሃምሳ በሃምሳ ደንብ ተብሎ ይታወቃል።

ደንቡ ለሥራ ይመቻል፤ ግን ድንበር ያለው ነገር ሁሉ በድንበሩ ላይ ያንገዳግዳል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 12 ዴሲቤልና መቶ በመቶ የነበረ ታካሚ ከሕክምናው በኋላ 48 ዴሲቤልና 52 በመቶ ቢሆን፣ ብዙ አጥቷል፤ በመዝገብ ላይ ግን «መስማቱ ተጠብቋል» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው 49 ዴሲቤል የነበረው ወደ 51 ቢወርድ ለውጡን ራሱ አያውቀውም፤ በመዝገብ ላይ ግን «መስማቱ ጠፍቷል»። የቃላቱን ፈተና ብንወስድም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩ 25 ቃላት ከሆነ እያንዳንዱ ቃል 4 በመቶ ይይዛል፤ 12 ቃል የለየ 48 በመቶ፣ 13 ቃል የለየ 52 በመቶ ያገኛል። በአንድ ቃል ልዩነት አንዱ ከወሰኑ ውጭ፣ ሌላው ውስጥ ይቆማል። ያንኑ ሰው በማግሥቱ ቢፈትኑት አንድ ቃል ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል።

ለዚህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ በ2012 የዚያው አካዳሚ ኮሚቴ ያወጣው አዲስ የአቀራረብ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ታካሚዎች በፊደል ብቻ ከመመደብ ይልቅ ዴሲቤሉ በአንድ ወገን፣ የቃላቱ ውጤት በሌላ ወገን ተቀምጦ የእያንዳንዱ ሰው ውጤት በሠንጠረዥ ላይ ይመለከታል። አንባቢው ማን ምን ያህል እንዳጣ በዓይኑ ያያል። ፊደሉ የሚሸፍነውን ይህ ይገልጠዋል።

ከእነማን መካከል?

ለማስረዳት ያህል በሐሳብ አንድ ቁጥር እንውሰድ። አንድ ሆስፒታል ለ100 ሰዎች ቀዶ ሕክምና አደረገ እንበል። ከእነርሱ መካከል 40ዎቹ ከሕክምናው በፊት አገልግሎት የሚሰጥ መስማት ነበራቸው። ከሕክምናው በኋላ ይህ መስማት የቀረላቸው 20 ሲሆኑ፣ ሌሎች 10 ደግሞ የሚለካ ግን ለንግግር የማይበቃ መስማት ቀረላቸው። ሆስፒታሉ 20ን ለ40 ቢያካፍል 50 በመቶ ይላል። የሚለካውን ሁሉ ቆጥሮ 30ን ለ40 ቢያካፍል 75 በመቶ ይላል። ከመቶው ሁሉ ቢቆጥር 20 በመቶ ይሆናል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ለታካሚው የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ነው፤ እርሱም ቢሆን የዕጢው መጠን ከራሱ ዕጢ ጋር ከተቀራረበ ብቻ። ትንንሽ ዕጢ ያላቸውን መርጦ የሚያክም ሆስፒታል የተሻለ ቁጥር ቢኖረው የሚያስደንቅ አይደለም።

ከመስማቱ ጎን ሌሎች ሁለት ውጤቶች አብረው መነገር አለባቸው። አንደኛው የፊት እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛው የተረፈ ዕጢ ነው፤ ነርቩን ላለመንካት ሲባል የዕጢው ቁራጭ ቢተው መስማት ሊተርፍ ይችላል፤ ቁራጩ ግን ለዓመታት በኤም አር አይ ክትትል ይፈልጋል። ስለ ጆሮው ብቻ የሚናገር ዘገባ ግማሽ ዘገባ ነው።

መቼ ተለካ?

በ2018 የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ኮንግረስ በዚሁ ጉዳይ ላይ የታተሙ ጥናቶችን መርምሮ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው የሚናገረው ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ስላነሰና ከሕክምናው በፊት አገልግሎት የሚሰጥ መስማት ስላላቸው ሰዎች ነው። በቀዶ ሕክምና፣ ከሕክምናው ወዲያውም ሆነ ከ2፣ ከ5ና ከ10 ዓመት በኋላ ይህ መስማት የመቆየቱ ዕድል ከ25 እስከ 50 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ተመድቧል። አስቀድሞ በ«ኤ» ደረጃ የነበሩት የተሻለ ዕድል አላቸው፤ እስከ 5 ዓመት ድረስ ከ50 እስከ 75 በመቶ፣ በ10 ዓመት ግን ወደ ዝቅተኛው ክልል ይወርዳሉ። በጨረር በሚሰጠው ሕክምና ዕድሉ በ2ና በ5 ዓመት ከ50 እስከ 75 በመቶ፣ በ10 ዓመት ከ25 እስከ 50 በመቶ ነው። ምንም ሳይነካ በክትትል ብቻ በቆየ ዕጢ ደግሞ በ2 ዓመት ከ75 በመቶ በላይ፣ በ5 ዓመት ከ50 እስከ 75፣ በ10 ዓመት ከ25 እስከ 50 በመቶ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አስተውሎ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። በአሥረኛው ዓመት ሦስቱም መንገዶች በአንድ ክልል ውስጥ ይገናኛሉ። ቀዶ ሕክምና የሚያሳጣውን በአንድ ቀን ያሳጣል፤ ያተረፈው ግን በአመዛኙ ይቆያል። ጨረርና ክትትል መጀመሪያ ላይ ብዙ ያተርፋሉ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይሸረሸራል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናን የአንድ ወር ውጤት ከጨረር የሁለት ዓመት ውጤት ጋር ማወዳደር ፍርድን ያዛባል። ሦስቱ መንገዶች የሚሰጡት ለአንድ ዓይነት ሰዎች እንዳልሆነም መታወስ አለበት፤ እያደገ ያለ ዕጢ ያለው ሰው በክትትል ከሚቆየው ጋር እኩል አይነጻጸርም።

ዕጢው ከተለቀ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይለወጣል። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ በሆነ ዕጢ መስማትን የማትረፍ ዕድል ያነሰ ነው፤ የሐኪሙም ዋና ጭንቀት በአንጎል ግንድ ላይ ያረፈው ጫና ይሆናል። ኤም አር አይ ሩቅ በሆነበት፣ ታካሚውም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር እስከ አዲስ አበባ መጓዝ በሚኖርበት ሁኔታ ዕጢው ከመታወቁ በፊት ሊገዝፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስለ መስማት የሚነገረው መቶኛ ከሌላ አገር የትንንሽ ዕጢዎች ጥናት የተወሰደ ከሆነ ለዚያ ታካሚ አይሠራም። በተለይ በሁለቱም ጆሮ ዕጢ የሚያበቅለው ኤን ኤፍ ቱ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለበት ሰው አንዱን ጆሮ ሲያጣ የሚቀረው ጆሮም በአደጋ ላይ ስለሆነ፣ የመለኪያው እያንዳንዱ ነጥብ ለእርሱ ይከብዳል። የዚህ ችግር ታሪክ በቤተሰቡ ውስጥ ካለ ልጆችም መመርመር ይኖርባቸዋል።

መለኪያው የማይደርስበትም አለ። ፈተናው የሚደረገው ጸጥ ባለ ክፍል ነው፤ ኑሮ ግን በገበያ፣ በመናኸሪያ፣ በለቅሶና በሠርግ ቤት ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል፤ መንገድ ሲያቋርጥ መኪናው፣ በማሳ ዳር የጠራው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ዞሮ ማየት ግድ ይለዋል። የጆሮ ጩኸትም በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን ለመሙላት የኑሮ ጥራት መጠይቆች ተዘጋጅተው ከመሣሪያው ውጤት ጋር አብረው ይሞላሉ።

ሕክምናውን ለሚያስብ ታካሚ ወይም አስታማሚ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። የእኔን በመሰለ መጠንና የእኔን በመሰለ መስማት ላይ ውጤታችሁ እንዴት ነው፤ «ተጠበቀ» የምትሉት ቃል መለየትን ነው ወይስ ድምፅ መስማትን ብቻ፤ የተለካውስ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ከዚያም የምርመራው ወረቀት ቅጂ፣ የዴሲቤሉም የቃላቱም፣ ከሕክምናው በፊት የነበረው በተለይ፣ በቤት ይቀመጥ። ሆስፒታል ቢለወጥ ወይም ዓመታት ቢያልፉ የሚነጻጸረው በእርሱ ነው።

መስማቱ ባይተርፍም መንገድ አለ። በደነቆረው ወገን የሚደረግ ድምፅን ወደ ደኅናው ጆሮ የሚያሻግር የማዳመጫ መሣሪያ አለ። ነርቩ ራሱ ከተረፈ የኮክሊያ ተከላ ሊሞከር ይችላል። ነርቩ በሁለቱም ወገን ለጠፋባቸው የኤን ኤፍ ቱ ታካሚዎች ደግሞ ከ1979 ጀምሮ በቀጥታ በአንጎል ግንድ ላይ የሚተከል መሣሪያ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ከዚህ የሚገኘው መስማት በብዙዎች ዘንድ ውስን ነው፤ ይሁንና የከንፈር እንቅስቃሴን ለማንበብ ያግዛል።